ክዳኑ ውስጥ መብራት ያለው

ወንድሜ ዕቃውን ሊገዛ ወደ ጎንደር በወረደበት ዕለት ጠዋት የተነጋገርነው ስለ ክዳን ነው።

«ክዳኑን ገልጠህ እይ» አልሁት። «ከውስጥ በኩል መብራት ከሌለው ተወው፤ አትግዛው።»

«ማሽን ነው ወይስ ድስት የምታስገዛኝ?»

«አያ፣ የምሬን ነው።»

«እኔም የምሬን ነው። ገልጬ አየዋለሁ፤ ደስ ካለኝ እገዛዋለሁ።»

እናቴ ከጓዳ ሆና ሳቀች። ሳቋ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። የለም። መሳቋን ብቻ ነው የማስታውሰው።

አያ የምለው ታላቅ ወንድሜን ነው። በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ሥራው በቅሎ መጫን ነበር። ተራራውን ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን ድንኳንና ስንቅ ከደባርቅ ይጭንና በቡይት ራስ አድርጎ ሳንቃ በር ያደርሳል፤ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ ይሄዳል። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ማመልከቻ እተይባለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ። ስለዚህ ማሽን የምመርጠው እኔ ሆንሁ። መንገዱን የሚሄደው እሱ።

የምንፈልገው ማሽን የአባታችንን ፊልሞች ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ነው።

አባታችንን በወጣትነቱ ዋልያ ሊያጠና የመጣ አንድ የውጭ አገር ሰው ቀጥሮት ነበር። ሰውየው ገደል ለገደል ሲዞር ዕቃውን የሚጭንለት እሱ ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ አሮጌ ካሜራውን ለአባቴ ሰጠው፤ አንድ እፍኝ ስላይድም ተወለት። ስላይድ ማለት በወረቀት ክፈፍ የተያዘች ትንሽ ፊልም ናት፤ ወደ ብርሃን ሲይዟት ነገሩ በገዛ መልኩ ይታያል። በእነዚያ ስላይዶች ላይ ዋልያ አለ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ አለ፣ ገደል አለ። ሰው የለም። አንድም። ወንድሜ «ሰውየው እኛን አልወደደንም፤ ቀንድ የለንማ» ይል ነበር።

ሰው ያለው አባቴ በዚያ ካሜራ ባስቀራቸው፣ ጓደኞቹም እሱን ባስቀሩባቸው ፊልሞች ላይ ነው። እነሱ ደግሞ ኔጋቲቭ ናቸው። ሁሉ ነገር ተገልብጦ ነው የሚታይባቸው፤ ሰማዩ ጥቁር፣ ጥላው ነጭ። እናቴ ሁሉንም በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አድርጋ፣ ለዘር የሚቀመጥ በቆሎ እንደሚሰቀለው፣ ከምድጃው በላይ ከጭሱ ውስጥ ሰቅላው ኖረች። ነቀዝ እንዳይበላው ብላ ነው።

«እማ፣ ፊልም እኮ ነቀዝ አይበላውም» አልኋት አንድ ቀን።

«እና እስካሁን በላው?» አለችኝ።

የጣሳው ክዳን ደህና አይገጥምም ነበርና ከላይ ከላይ ያሉት ፊልሞች ጥላሸት ለብሰዋል። ከሥር ያሉት ንጹሕ ናቸው።

አባቴ በወረቀት የታተመ ፎቶም ነበረው። አንድ ብቻ። የሞተ ጊዜ ለቅሶው ላይ ያንን ይዘው ነው ያለቀሱለት። ክረምት ነበር አሉ። ዝናብ እየወረደ፣ ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ ደረት ላይ ሲለጠፍ፣ ሲሳም፣ ሲታሽ፣ ቀለሙ ለቀቀ። ማንም ክፉ አላሰበም። ሁሉም ስለወደዱት ነው። እናቴ ወረቀቱን እስካሁን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛዋለች። ቀበቶው ይታያል። እግሩ ይታያል። ከትከሻው በላይ ነጭ ነው።

እኔ ያን ጊዜ ገና በእቅፍ ነበርሁ። ስለዚህ የአባቴን ፊት አላውቀውም። በልጅነቴ ጣሳውን አውርደን ፊልሙን ወደ ሰማይ ስንይዘው የማየው ሰው ፊቱ ጭጋግ፣ ጥርሱ ጥቁር፣ ፀጉሩ ደግሞ እንደ ጥጥ ነጭ ነው። ሽማግሌ ነበር ብዬ አምኜ አደግሁ። ትምህርት ቤት ስለ ቤተሰባችሁ ጻፉ ሲሉን «አባቴ የሞተው በእርጅና ነው» ብዬ ጽፌአለሁ። ወንድሜ ሲያነበው በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። ግን አላረመኝም። አሁን ሳስበው እሱም ፊቱን በደንብ አያስታውሰውም ነበር መሰለኝ። አባታችን ሲሞት ገና የወተት ጥርሱን እየነቀለ ነበር። የሚያስታውሰው ትልቅ ሰው መሆኑን ነው፤ ከፍ አድርጎ በቅሎ ላይ ያስቀመጠውን። እናታችንም ብትሆን ዓይኗ ደክሟል። ያቺን ትንሽ ፊልም ይዘን ብናሳያት አይታያትም።

ማሽን ያስፈለገን ለዚህ ነው። የአባቴን ፊት ለማየት። ሌላ ምክንያት አልነበረንም።

መምረጡ ብዙ ጊዜ ወሰደ። መጀመሪያ በምሠራበት ቤት ያለውን ስካነር ሞከርሁ። ፊልሙን መስታወቱ ላይ አስተኝቼ ክዳኑን ዘጋሁት። የወጣው ጥቁር አራት ማዕዘን ነው። በኋላ ኢንተርኔት ላይ፣ ኔትዎርክ በነበረበት ሰዓት፣ ምክንያቱን አነበብሁ። የወረቀት ስካነር ብርሃኑ ከሥር ብቻ ነው። ወረቀት ብርሃኑን መልሶ ይሰጣል። ፊልም ግን ብርሃን ከጀርባው መጥቶ ካላለፈበት ምንም አያሳይም።

ቀጥሎ በስልክ ሞከርን። ኮምፒውተሩን ነጭ ገጽ አስከፍቼ፣ ወንድሜ ፊልሙን ስክሪኑ ላይ ይይዛል፣ እኔ አነሣለሁ። የስክሪኑ ነጥቦች ከሰውየው ጋር ተቀላቅለው ወጡ። የወንድሜም ጣቶች አብረው ወጡ።

«ጣትህን አንሣ እንጂ! ዳር ዳሩን ያዝ!»

«እሺ የኔታ።»

«አያ፣ የጣት ወዝ ካረፈበት አይለቅም።»

«ይኼ እጅ የለመደው ጠፍር ነው። እንዲህ ያለ ስስ ነገር ስትሰጠው ግራ ይገባዋል።»

«ተወው እኔ ልያዘው።»

«አንተ ያዝና እኔ ላንሣ? አናትህን ነው የማነሣው።»

የፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት፣ እትዬ የምላት ሴትዮ፣ «እናንተ ልጆች ሥራ አስፈታችሁኝ» እያለች ከኋላችን ቆማ ታያለች። እሷም ፊቱን ማየት ፈልጋለች። ግን አልሆነም።

ጎንደር ወስደን ፎቶ ቤት እናሠራው ብለን ነበር። እናቴ እምቢ አለች። «ጣሳው ከቤቴ አይወጣም» አለች። «ሰው ነው ያለበት።»

በመጨረሻ ሁለት ምርጫ ቀረን። አንዱ ትንሽ ሳጥን ነው፤ ፊልሙን በጎኑ ያስገቡታል፣ ኮምፒውተር እንኳ አይፈልግም። እኔ መጀመሪያ እሱን ነበር የወደድሁት። አፉ ግን ጠባብ ነው። ስላይዶቹን ይቀበላል፣ የአባቴን ፊልም አይቀበልም፤ ካሜራው የድሮ ስለነበር ፊልሙ ሰፊ ነው። እንዲያ ከሆነ ዋልያ ብቻ ልናይ ነው። ሁለተኛው እንደ ተራ ስካነር ጠፍጣፋ ሆኖ፣ ክዳኑ ውስጥ ሌላ መብራት ያለው ነው። ብርሃኑ ከላይ መጥቶ በፊልሙ ያልፍና ከታች ያለው ያነበዋል። መብራቱ ግን ሰፊ መሆን አለበት። አንዳንዱ ክዳን መሐሉ ላይ ቀጭን መብራት ብቻ ነው ያለው። ይህን ሁሉ ለወንድሜ ደጋግሜ ነገርሁት። ጎንደር አንድ ሱቅ እንዲህ ያለ ዕቃ መጥቶለታል ሲባል ሰምተን ነው የሄደው።

ሊወጣ ሲል እናቴን ለመናት። መሞከሪያ አንድ ቁራጭ ፊልም ብቻ። እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ጣሳውን አወረደችው። ወንድሜ ደጃፍ ላይ ቆሞ ከላይ ካሉት፣ ጥላሸት ከነካቸው፣ አንዱን ወደ ሰማይ አነሣ። ሌላ አነሣ። ሦስተኛውን ሲያይ ቆየ።

«ይቺን» አለ።

«ማን አለ እሷ ላይ?»

«በቅሏን አውቃታለሁ። ግንባሯ ላይ ቦቃ ነበረባት። ይኸው፣ እዚህ ጥቁር ሆኖ።»

«ሰውየውስ?»

«ሰውየውን ማሽኑ ይንገረን።»

በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት። ጋቢውን አጣፍቶ ወደ መናኸሪያው ሄደ። እኔም ወደ ሥራዬ። እስከ መታጠፊያው አብረን ሄድን። ምን እንዳወራን አላስታውስም። ስለ ዝናቡ ይሆናል።

ቀትር ላይ ደወለልኝ።

«ክዳኑ ውስጥ መብራት አለው» አለኝ። «ከዳር እስከ ዳር ነው የሚበራው።»

«ሞከሩልህ?»

«ሞከሩልኝ።»

«እና? ይታያል?»

ከጀርባው የመኪና ጥሩምባ ይሰማኛል።

«አያ፣ ይታያል ወይ?»

«በስልክ አይነገርም። ማታ ታየዋለህ።»

«ንገረኝ እንጂ!»

«አንተ ያኔ ትምህርት ቤት የጻፍኸው ነገር ትዝ ይልሃል?» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ተቆረጠ፤ ኔትዎርኩ ይሁን እሱ እንጃ። ሲመለስ ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «ማታ» አለ። «ለእማ እንዳትነግራት። እኔ ነኝ የማሳያት።»

ማታ አልመጣም። ስልኩ አይሠራም። ባትሪ ጨርሶ ይሆናል አልሁ። መኪና አጥቶ ዳባት አድሮ ይሆናል አለች እናቴ፤ እዚያ የሚያውቃቸው ሰዎች አሉ። ራቱን ከደነችለት። እኔ ተኛሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ ግራ ይገባኛል። ተኛሁ፣ እንቅልፍም ወሰደኝ።

ጎሕ ሲቀድ ደጅ ወጥቼ ፊቴን እየታጠብሁ ሳለ ሰዎች ወደ ግቢያችን ገቡ። ፊት ፊት የንስሐ አባታችን፣ ከኋላቸው ጎረቤቶች፣ የወንድሜ ጓደኞች፣ አክስቴ። ጸጥ ብለው ነው የሚመጡት። እኔ ምን መሰለኝ? የማኅበር ጉዳይ መሰለኝ። ፊቴ ላይ ውኃ እንዳለ «ግቡ፣ ግቡ አባ» አልሁ።

እኛ ዘንድ ሞት ማታ ቢሰማም ለቤተሰቡ የሚነገረው ሲነጋ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ። ቤተሰቡ አንድ ሌሊት እንዲተኛ ነው ይላሉ። ከመካከላቸው አንዱ ማታ በበራችን ሲያልፍ «እንዴት አመሸህ» ብሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ያውቅ ነበር። አሁን ሊያየኝ አልቻለም፤ መሬት መሬት ያያል። እኔ ተኝቼ ሳለሁ መንደሩ በሙሉ ያውቅ ነበር።

«ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉኝ አባ።

«ምነው አባ?»

«ተቀመጥ እስቲ።»

እናቴ ወጣች። ሰዎቹን አየች። ከዚያ እኔን አየች። እኔ እዚያ ቆሜአለሁ። ስለዚህ ማን እንደሆነ አወቀች። ማንም ምንም አላላትም ገና።

ሚኒባሱ ዳባትን አለፍ ብሎ ነው የተገለበጠው አሉ። ከዚያ ብዙ ነገር አሉ። እኔ አልሰማሁም። አንድ ነገር ብቻ በአእምሮዬ ይመላለሳል፤ ፊቴን አላደረቅሁም፣ ፎጣው የት አለ። ይህን ነው ያሰብሁት። እውነቱን ልጽፍ ብዬ ስለተነሣሁ ነው።

በአይሱዙ አመጡት። ከእሱ ጋር አንድ ጥቅል አወረዱ። የእሱ ጋቢ ነው፤ በጠፍር ተጠፍሯል፤ ውስጡ ካርቶን አለ። መንገድ ላይ እንዳይንገጫገጭ ብሎ ጋቢውን አውልቆ ማሽኑን አልብሶታል። እሱ በጃኬት ብቻ ነበር ማለት ነው። ያን ብርድ።

አብሮ የመጣ የዳባት ገበሬ «ይኼን ታቅፎት ነበር ይላሉ የተረፉት» አለኝ። «እኛ ያገኘነው ገብሱ ውስጥ ነው። ቁጭ ብሎ። እንዳስቀመጡት ዕቃ።»

ጥቅሉን ተቀበልሁት። አገላበጥሁት። የተጨረማመተ ቦታ ፈለግሁ። ጋቢውን በጣቴ ገፋ እያደረግሁ የካርቶኑን ጥጎች አንድ በአንድ ዳሰስሁ። ምንም አልሆነም። ደህና ነው። ምንም አለመሆኑን ልቀበለው አልቻልሁም። አንድ ጥግ እንኳ ቢጎዳ እወድ ነበር። ሰዎች ከእጄ ወሰዱት።

ፍትሐቱን አላስታውስም። ቀብሩንም። የማስታውሰው ከቀብር መልስ ከቤታችን በታች ባለው ሜዳ የሆነውን ነው።

ለቅሶ ላይ ሟቹ የሚሠራበት ነገር ይወጣል። ነፍጥ ያለው ነፍጡ፣ በቅሎ ያለው በቅሎው። የወንድሜን በቅሎ አወጧት። የመንገድ ኮርቻዋን ጭነውባት በሰው መካከል ሲያመጧት ጩኸቱ በረታ። ፎቶ አምጡ አሉ። ፎቶ የለም። ስልኩ ደቋል፤ የታተመ ፎቶ አሳትሞ አያውቅም፤ መታወቂያው ላይ ያለችውን ደግሞ ፖሊሶች ይዘዋታል። አክስቴ ዙሪያዋን አየችና «ጭነቱን አምጡ!» ብላ ጮኸች። «በእጁ ያሠረውን ጭነት አምጡ!»

ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ጥቅሉን ተሸክመው ሲመጡ ነው። ጓደኞቹ አንሥተው በቅሎዋ ላይ አስቀመጡት፣ በሌላ ገመድ አጠበቁት። በቅሎዋ ማሽኑን ጭና በሰዉ መካከል መዞር ጀመረች። አልቃሽዋ ከፊት፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ከኋላ። አንዱ ልጓሙን ይስባል። መሬቱ ጎርባጣ ነው። ጥቅሉ ይወዛወዛል። ዓይኔን ከእሱ ላይ ማንሣት አልቻልሁም። ወንድሜ ከተቀበረ ሰዓት አልሆነውም። እኔ የማየው ካርቶን ነው። ወደ ግራ ሲያዘነብል እኔም አብሬው አዘነብላለሁ።

ከዚያ የራሴን ድምፅ ሰማሁ።

«በቀስታ!» ብዬ ጮኽሁ። «በቀስታ! መስታወት አለው!»

ሰዉ ዞረ። ማንም ማሽን ነው ብሎ አላሰበም። ልጁ ወንድሙን እያለቀሰ ነው ብለው ነው የወሰዱት። አልቃሽዋ ወደ እኔ ዞራ ሁለት እጇን ዘረጋች፤ «ጭነቱን ማን ያውርድለት?» አለች። ሰዉ ተቀበላት። «ማን ያውርድለት? ማን ያውርድለት?» ሜዳው በሙሉ። እኔ አፌን በእጄ ይዤ ቆምሁ። በአፌ በወጣው ነገር ደንግጬ ነበር። ከሞቱ ያላነሰ ነው ያስደነገጠኝ። እንዴት እንደምለው አላውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ቤቱ ሰው ሞልቶታል። መሬት ላይ እንደ ተደረደሩ ነው ያደሩት። ጥቅሉ ከጎታው ሥር ተቀምጧል፤ እንደታሠረ። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ያደረችውም እንደዚያ ነው። አጠገቧ ቁጭ አልሁ።

«እማ፣ ወንድሜ በስልክ አንድ ነገር ብሎኝ ነበር። እንዳትነግራት ብሎኝ ነው።»

ቀና አላለችም። «ምን አለህ?»

«አባቴን አይቶታል መሰለኝ። ሱቁ ውስጥ። ማታ እኔ ነኝ የማሳያት ብሎ ነበር።»

አክስቴ ሰምታ «ጥቅሉ እስከ ሣልስት አይፈታም» አለች። «የሱ እጅ ነው ያለበት። ጉድ! ሐዘንተኛ ዛሬ ዕቃ ሊፈታ ነው?»

እናቴ መልስ አልሰጠቻትም። ቀስ ብላ እጇን ዘርግታ ጠፍሩን ዳሰሰችው። ቋጠሮውን አገኘችው። ጣቷን እላዩ ላይ አሳርፋ ቆየች።

«ፍታው እንግዲህ» አለችኝ።

የወንድሜ ቋጠሮ አንዲት ጫፍ አላት። እሷን ሲስቧት ሁሉም ይፈታል። ተራራው ላይ በረዶ ሲመጣ በቅሎውን ቶሎ ለማራገፍ ነው፤ ልጅ ሳለሁ ሳንቃ በር ይዞኝ ወጥቶ አስተምሮኛል። ጫፏን ፈልጌ አገኘኋት። ረጅም ጊዜ የሚወስድ መስሎኝ ነበር። ሳብሁት። በአንድ ጊዜ ተፈታ። እጄ ላይ ገመድ ብቻ ቀረ።

ጋቢውን ለእናቴ ሰጠኋት። ካርቶኑን ታቅፌ ወጣሁ። ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም፤ ሰዎች ተነሡ፣ አንዱ ክንዴን ያዘኝ። እናቴ «ተዉት» አለች። ተዉኝ።

እትዬ ለቅሶ ልትመጣ ጥቁር ለብሳ የፎቶ ኮፒ ቤቷን በር እየቆለፈች ደረስሁ። አየችኝ፣ ካርቶኑን አየች። ምንም ሳትል መልሳ ከፈተችው። መብራት ነበር። ከካርቶኑ የማሽኑን ሲዲ አውጥታ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተችው። ማሽኑን አወጣሁ። ክዳኑን ገለጥሁት።

ክዳኑ ውስጥ መብራት አለው። ከዳር እስከ ዳር። ወንድሜ ያልሁትን አንድም አላጎደለም።

መስታወቱ ላይ የፊልም መያዣው እንዳለ ነው፤ ውስጡም ፊልሟ አለች። ከሞከሩ በኋላ አላወጧትም። ሳልነካት ክዳኑን መለስሁት።

ስክሪኑ ኔጋቲቭ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። አዎ አልሁ። መብራቱ ከአንድ ጫፍ ተነሥቶ በዝግታ መሄድ ጀመረ። ድምፁ ቀጭን ነው። ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች እየተዘረጋ መጣ። መጀመሪያ ሰማይ፤ ነጭ ሰማይ። ከዚያ የበቅሎ ጆሮ፣ ቦቃ ግንባር። ከዚያ ፀጉር።

ጥቁር ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ፀጉር።

ከዚያ ፊቱ። በቅሎዋን አንገቷን አቅፎ ይስቃል። ጥርሱ ነጭ ነው። ጢም እንኳ በቅጡ አላወጣም። እኔን ነው የሚያክለው። ከወንድሜ ያንሳል። ሽማግሌ አይደለም፤ ሽማግሌ ሆኖ አያውቅም። ልጅ ነው። አባቴ ልጅ ነው። ወንድሜ ሱቁ ውስጥ ቆሞ ያየው ይህን ነው። ለዚህ ነው የሳቀው፤ ድምፁም የቀጠነው ለዚህ ነው።

እትዬ ከኋላዬ «ኧረ በማርያም» አለች። ቀስ ብላ።

ፊልሟ ጥላሸት ነበረባት ብያለሁ። ወንድሜ ሱቅ ውስጥ ጠርጓታል፤ የጋቢው ክሮች ይታያሉ። ከአባቴ ትከሻ አጠገብ፣ ዳር ላይ፣ ጥላሸቱ ውስጥ አንድ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ማሽኑ አጉልቶታል። መስመሮቹ ሁሉ ይታያሉ፣ በመሐላቸው ገመድ የቆረጠው ጠባሳም። ዳር ዳሩን ያዝ ብዬው ነበር። ዳር ዳሩን ነው የያዘው።

ከማስቀመጤ በፊት ማሽኑ አንድ ነገር ጠየቀኝ። አቧራና እድፍ ላጥፋ ወይ ይላል። የ«አዎ» ምልክቷ አስቀድሞ ተደርጋ ነው የመጣችው። እንዲያ ያለ ማሽን ስመርጥ ይህን አንብቤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የጭሱን ነገር ይገላግለናል ብዬ። ምልክቷን አጠፋኋት። እንዳለ አስቀመጥሁት።

«ስንት ላትም?» አለች እትዬ።

«ወረቀቱ እስኪያልቅ።»

ማተሚያው እየሠራ ሳለ ፊልሟን ዳር ዳሯን ይዤ አወጣኋት። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኋት።

ስመለስ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። ለእናቴ ሰጠኋት። ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ አፍንጫዋ እስኪነካው። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ልጆች ነበርን እኮ» አለች።

ጣቷን ፊቱ ላይ አደረገች። ከዚያ በጣቷ እየፈለገች ወደ ዳሩ ሄደች። «ይኼስ ምንድን ነው?»

«የአያ ጣት ነው» አልኋት።

አክስቴ መጥታ ከእጇ ተቀበለቻት። አየችና ጮኸች፣ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ከእሷ ሌላዋ ተቀበለች። ውጭ ዝናብ ጀምሯል። ወረቀቱ ወደ ድንኳኑ ወጣ፣ ከእጅ ወደ እጅ፣ ሲሳም ሲታሽ አየሁት። አልከለከልሁም። ቀለሙ ሲለቅ ሁለተኛውን ሰጠኋቸው።